እማዬን ለእንቅርት ኦፕሬሽን ሐዋሳ ያስተኛንበት 4 ሌሊት፦ ምን ይዘን ገባን፣ ምን ጎደለን፣ ሆስፒታሉስ እንዴት ነበር

ሰላም ለሁላችሁም፣ እማዬ ታኅሣሥ ውስጥ እዚህ ሐዋሳ አንድ የግል ሆስፒታል የእንቅርት ኦፕሬሽን አድርጋ ነበር፣ አራቱንም ሌሊት አብሬያት ያደርኩት እኔ ነኝ። ከመግባታችን በፊት ምን ይዤ ልግባ ብዬ ያልጠየኩት ሰው የለም፣ መልሱ ግን ሁሌ አንድ ነው፣ "የግል አይደል እንዴ፣ ሁሉም ነገር እዛ አለ"። ሁሉም ነገር እዛ የለም። ስለዚህ ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍላችሁ፣ ሆስፒታሉንም ይዘን የገባነውንም ዕቃ አንድ ላይ። ስሙን አልጠራም፣ ቅር ያለኝን እዛው ለሚመለከታቸው በቃል ነግሬያቸዋለሁ፣ ያስደሰቱኝም ነገሮች ብዙ ናቸው።

እማዬ 58 ዓመቷ ነው፣ ተወልዳ ያደገችው ወሎ ነው፣ አሁን ዲላ ነው ምትኖረው። እንቅርቱ ከኔ እድሜ በላይ አብሯት የኖረ ነው። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት ራሱ ልጅ እያለች እንቅርት ይከለክላል ተብሎ የተነቀሰችው ነው። ለብዙ ዓመት ምንም አላስቸገራትም፣ አምና ግን በጀርባዋ ስትተኛ ማፈን ጀመራት፣ እንጀራ ስትውጥ እዚህ ጋ ያዘኝ ትላለች፣ ከዛ በግድ ሐዋሳ አመጣናት። የደም ምርመራ (ያ ቲኤስኤች የሚሉት፣ የእንቅርት ዕጢው እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየው)፣ አልትራሳውንድ፣ በመርፌ ናሙና፣ ድምፅ የምናወጣበትን ቦታ በመሣሪያ ማየት፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ሐኪሙ ይውጣ አለ። ይሄ ሁሉ ወረቀት በየቦታው ተበታትኖ ነበር፣ አንድ ፕላስቲክ ፋይል ገዝቼ በየቀኑ ቅደም ተከተል ከተትኩት፣ እና እመኑኝ ከሻንጣው ውስጥ ከሁሉ በላይ የተጠቀምኩበት እሱ ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ሊገቡ ሲሉ የአልትራሳውንዱን ወረቀት ሐኪሙ ሲጠይቅ ከፋይሉ ስቤ ነው የሰጠሁት፣ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሌላ ልጅ ግን የእናቷን ውጤት ቤት ረስታ ባጃጅ ይዛ እስክትመለስ ተራቸው አለፈ።

ሆስፒታሉ አልጋ ስንይዝ የሰጠን ወረቀት አራት መስመር ነው። መታወቂያ፣ ካርድ፣ ተቀማጭ ብር፣ የግል ንጽሕና ዕቃ። በቃ። ስለ አስታማሚ አንድ ቃል የለም፣ አንገቱ ላይ ለሚሠራ ሰው ምን ይለያል የሚለው ደግሞ ጭራሽ።

ልብሱ ላይ ነው መጀመሪያ የተሳሳትኩት። ለእማዬ ብዬ ሁለት አዲስ የሌሊት ልብስ ገዛሁ፣ ጥጥ ነው ሰፊ ነው ቆንጆ ነው፣ ግን በራስ በኩል የሚጠለቅ ነው። ከኦፕሬሽን ስትወጣ አንገቷ በፋሻ ተሸፍኗል፣ ከቁስሉ ሥር ድሬን የሚባል ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ትንሽ ዕቃ ላይ ደም ያጠራቅማል፣ እጇ ላይ ደግሞ ግሉኮስ አለ። ታዲያ በምን በኩል ነው ያንን ልብስ የማለብሳት? አንገቷን ማዞር ቀርቶ እጇን ከፍ ስታደርግ ያማታል። የሆስፒታሉ ጋውን ከኋላ የሚታሰር ነው፣ እሱን ለብሳ ጠያቂ ሲመጣ በጣም ነው ምታፍረው፣ በነጠላ ተሸፋፍና ነው የዋለችው። በማግስቱ እህቴ የአባዬን ሁለት አሮጌ ሸሚዝ ይዛ መጣች፣ ከፊት ቁልፍ ያላቸው ሰፋፊ፣ እና ነገሩ ሁሉ አለቀ። ቁልፉን ከላይ ሁለቱን ክፍት ትቶ እጅጌውን በግሉኮሱ በኩል ቀስ ብሎ ማስገባት ነው። ሲስተሯ ድሬኑን በመርፌ ቁልፍ ከሸሚዙ ጋር አያያዘችልን፣ ስትነሳ እንዳይጎተት፣ መርፌ ቁልፉን ግን ከራሷ ልብስ ላይ ነቅላ ነው የሰጠችን ስላልያዝን። ስለዚህ አንገት፣ ደረት፣ ትከሻ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ከፊት የሚከፈት ልብስና አራት አምስት መርፌ ቁልፍ። ሆድ ከሆነ ደግሞ ወገቡ ላይ ላስቲኩ የማይጠብቅ ሰፊ ቀሚስ ነው የሚሻለው፣ ጎናችን የነበሩት እናት የሐሞት ጠጠር ነበር የወጣላቸው፣ እሳቸው ቀሚስ ብቻ ነበር የሚለብሱት። የትኛው የሰውነት ክፍል ነው ሚነካው የሚለውን አስባችሁ ነው ልብስ መያዝ ያለባችሁ።

ከዛ የማተቡ ነገር። ይሄንን ማንም አልነገረንም እኛም አላሰብነውም። እማዬ ማተቧን ከአንገቷ አውልቃ አታውቅም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሊወስዷት ሲመጡ ወርቅ፣ ቀለበት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ አውልቁ አሉ፣ ማተቡም ይወልቃል አንገት ላይ ስለሆነ የሚሠራው። እማዬ "ማተቤን በጥሼማ አልገባም" አለች፣ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ እንቢ። እኔ ማልቀስ ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። አንዷ ሲስተር ግን አልተቆጣችም፣ "እማማ ማን ይበጠስ አለዎት፣ ቋጠሮውን እኔ እፈታዋለሁ፣ ግሉኮስ የሌለበት እጅዎ ላይ አስረነው በፕላስተር እንሸፍነዋለን፣ ከእርሶ አይለይም" አለቻት። ፈታችው፣ አሰረችው፣ በፕላስተር ሸፈነችው። እማዬ መረቀቻት፣ ተኝታ ወጣች። ለዚች ሲስተር ብቻ ለሆስፒታሉ ሙሉ ነጥብ ብሰጥ ደስ ይለኛል። እናንተ ግን ቤት እያላችሁ ተነጋገሩበት፣ የንስሐ አባት ካላቸው ቀድመው እንዲያማክሩ አድርጉ፣ በሩ ላይ ደርሶ የሚሆን ወሬ አይደለም።

እንሶስላውም እንደዛው። ሠርግ ነበረባቸው ዲላ፣ እማዬ አስር ጣቷን እንሶስላ ሞቃ መጣች። የማደንዘዣ ባለሙያው ጣት ላይ የሚቆነጥጥ ትንሽ መሣሪያ አለ፣ በጥፍር በኩል ብርሃን አሳልፎ ኦክስጅን የሚለካ፣ ጥፍሩ ቀለም ከሌለው ይሻላል አለ፣ የጥፍሩን መልክም በዓይን ያዩታል። የጥፍር ቀለም ቢሆን በአሴቶን ይለቃል፣ እንሶስላ በምን ይለቃል? የእግሯን ጣት አልሞቀችም ነበርና እሱ ላይ አደረጉት። ኦፕሬሽን ቀጠሮ ያለው ሰው እንሶስላም ሂናም የጥፍር ቀለምም ይቆይለት።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምግብ የለም፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ውሃም የለም ተባልን። እማዬ ደም ግፊት አለባት፣ አምሎዲፒን ነው ምትወስደው፣ ጠዋት ይተው ወይስ ይዋጥ የሚለውን እኔ በራሴ ላስቀርባት ነበር፣ ግን ሐኪሙን ጠየኩና በአንድ ጉንጭ ውሃ ትዋጠው አለ። ሰው ሁሉ አንድ አይደለም፣ የስኳር መድኃኒት ሌላ ነው፣ ደም የሚያቀጥን የሚወስድ ሌላ ነው፣ አስፒሪን የሚወስድም ከቀናት በፊት ቀድሞ መናገር አለበት። እኔ የምለው መድኃኒቱን ከነካርቶኑ ይዛችሁ ግቡ ነው፣ "ነጯ ክኒን" ብሎ ለሐኪም መንገር አይሠራም። ቤት ውስጥ የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ካለም አትደብቁ።

ትራስ! ይሄን በካፒታል ብጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። አንገቱ የተሠራ ሰው ራሱ ከፍ ብሎ ነው ሚተኛው፣ እብጠቱ እንዲቀንስ ለመተንፈስም እንዲቀልለው፣ አልጋችን ደግሞ በእጅ የሚሽከረከረው ማንሻው ተበላሽቷል፣ የሰጡን ትራስ አንድ ነው እሱም ስስ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ወንድሜ ከአቶቴ ሰፈር ሁለት ትራስ በባጃጅ ይዞ መጣ። ያ ማንሻ አሁንም ሳይጠገን ነው ያለው፣ ሰው ገብቶ ነግሮኛል፣ እባካችሁ አስጠግኑት።

ድምፅ። ስትነቃ ድምፇ ሻክሮ በሹክሹክታ ነው ምታወራው፣ እኔ ድምፇ ጠፋ ብዬ ደነገጥኩ። የማደንዘዣ ባለሙያው በጉሮሮ የገባው ቱቦ ስለሚያሻክር ለጥቂት ቀን እንዲህ ይሆናል፣ ካልተሻላት ግን ሐኪሙ በቀጠሮዋ ያየዋል አለ። ችግሩ ሌሊት ነው፣ እኔ መሬት ላይ ተኝቼ እሷ ብትጠራኝ አልሰማም። ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠኋት ግን በጨለማ ምን ትጽፋለች። ራሷ ዘዴ አገኘች፣ ማንኪያና ብርጭቆ ደረቷ አጠገብ አስቀመጠች፣ ስትፈልገኝ ቅጭል ቅጭል ታደርገዋለች። ብረት ማንኪያ ያዙ፣ ፕላስቲክ አይሰማም።

አሁን ወደ እኔ ሻንጣ ልምጣ፣ ማለቴ ወደሌለኝ ሻንጣ። ለእማዬ ስል ሳፋ፣ ጆግ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ሶፍት፣ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ፣ ቫዝሊን፣ ምናምን ሁሉ አሟልቼ ለራሴ የያዝኩት ስልክና ቻርጀር ብቻ ነው። የተሰጠኝ የፕላስቲክ ወንበር ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ወንበሩ ላይ አነጋሁት፣ ጠዋት ኦፕሬሽኗ ሲደርስ እኔ ነኝ ታማሚ ምመስለው። ታኅሣሥ ነው፣ ሐዋሳ ቀን ይሞቃል እንጂ ሌሊት ያንን ሲሚንቶ ብርዱ ከሥር ነው ሚወጣው፣ ቢንቢውም ከሐይቁ በኩል እየመጣ አላስተኛ አለ። በሁለተኛው ቀን ከአሮጌ ገበያ ስስ ስፖንጅ ፍራሽ ተገዛ፣ ጋቢ መጣ፣ ካልሲ መጣ፣ ለፊትና ለእጅ የሚቀባ የቢንቢ መከላከያ መጣ። የአለታ ወንዶዋ ልጅ (የሐሞት ጠጠሯ እናት ልጅ) ግን ገና ስትገባ ፍራሿን ጠቅልላ፣ አጎበሯን ይዛ፣ የራሷን ሰሐንና ኩባያ በፌስታል አስራ ነው የመጣችው፣ ሦስተኛዋ ጊዜዬ ነው አለችኝ። እሷን አይቼ ነው የተማርኩት። አስታማሚ ካልተኛ መድኃኒት ሰዓት ይረሳል፣ ወረቀት ይጥላል፣ ሐኪም ሲነግረው አይገባውም። ቅያሪ ልብስና የውስጥ ልብስ ለሦስት ቀን፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የራሳችሁ መድኃኒት ካለ እሱንም።

ሁለተኛው ሌሊት በጣም ከባዱ ነበር። እማዬ ከንፈሯ ዙሪያና የጣቶቿ ጫፍ ደነዘዘኝ፣ ጉንዳን ይሄድብኛል አለች በማንኪያዋ ቀስቅሳኝ። ደግነቱ ማታ ተረኛዋ ሲስተር ሁለት ነገር ካያችሁ ወዲያው ጥሩኝ ብላ ደብተሬ ላይ አስጽፋኝ ነበር፣ አንዱ አንገቷ ካበጠ ወይ መተንፈስ ከከበዳት አንዲት ደቂቃ እንዳትቆዩ፣ ሁለተኛው ከንፈርና ጣት ከደነዘዘ። ይሄኛው ካልሲየም ሲወርድ ነው ሚመጣው፣ ከእንቅርቱ ጀርባ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ፣ በኦፕሬሽኑ ሲነካኩ ለጊዜው ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ። ሮጬ ጠራኋት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሐኪም መጣ፣ ደም ተወሰደ፣ ካልሲየም ይሰጣት ተባለ። እስከዚህ ድረስ በጣም ጥሩ። ከዛ ግን የሆስፒታሉ ፋርማሲ የሚዋጠው ካልሲየም የለውም ከውጭ ግዙ አሉ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት! በደም ሥር የሚሰጠው ስለነበራቸው እሱን ጀመሩላት፣ ወንድሜ ግን ፒያሳ ድረስ ክፍት ፋርማሲ ሲፈልግ አደረ። እንቅርት የሚያወጣ ሆስፒታል የካልሲየም ክኒን ሳይኖረው እንዴት ይተኛል? ይሄን ነው ለኃላፊው በቃል የነገርኩት፣ ሰምቶኛል፣ ይቅርታም ጠይቋል፣ ነገር ግን ቀጣዩ ታማሚ ያው እንዳይገጥመው እዚህም እጽፈዋለሁ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንደሚባለው ደግሞ መብራትም በዛው ሌሊት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሳ፣ ኮሪደሩና ኦፕሬሽን ክፍሉ በራ፣ የኛ ክፍል ሶኬት ግን አይሠራም፣ ስልኬ 6 ፐርሰንት ላይ ነው። ቴሌብርም በኔትወርክ ምክንያት እንቢ አለ፣ ወንድሜ ኪሱ ውስጥ ጥሬ ብር ስለነበረው ነው መድኃኒቱ የተገዛው። ፓወር ባንክ ቤት ሞልታችሁ ያዙ፣ ትንሽ ባትሪ መብራት ያዙ፣ ማከፋፈያም ያዙ (ሶኬቷ ለሁለት አልጋ አንድ ናት)፣ ጥሬ ብር ደግሞ ለሁለት ሰው ኪስ አካፍላችሁ ያዙ። ሪሲቱን ሁሉ ሰብስቡ።

ውሃም ጠዋት ጠዋት ይጠፋል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ማታ ሞልቶ አልጋ ሥር ማስቀመጥ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ምግብ ላይ የሆስፒታሉ ኩሽና ንጹሕ ነው፣ ሾርባቸው ትኩስ ነው ሚመጣው፣ ግን ጾሙን አላሰቡበትም። የነቢያት ጾም ነው፣ መጀመሪያ ያመጡላት የዶሮ ሾርባ ነው፣ እማዬ ሳህኑን ስታየው ፊቷን አዞረች። ቄሷ ስልክ ደውለው "ልጄ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል" ቢሏትም እሷ በፈቃዷ ጾሟን ያዘች። ታዲያ ምን በላች? ቡላ። እህቴ ከቤት አጥሚት በቡላ ሠርታ በሁለት ፔርሙስ ትልካለች፣ አንዱ ቀጠን ያለ ለመጠጣት አንዱ ወፈር ያለ በማንኪያ። ጉሮሮ ለሚያመው ሰው ቡላን የሚያህል የለም፣ ይንሸራተታል፣ አያሻክርም፣ ያጠግባል። ዘመዶች ብርቱካንና ለስላሳ ነው የሚያመጡት፣ ብርቱካኑ ያቃጥላታል ለስላሳው ጋዙ ያስላታል፣ ሳል ደግሞ ቁስሉን ይጎትታል። አንዱ አጎታችን አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) ሄዶ የዓሣ ሾርባ ይዞ መጣ፣ ዓሣ በዚህ ጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ዋርዱ ውስጥ ተነስቶ ከሦስት አልጋ ሰው ተሳተፈበት፣ ሾርባውን እኔ ነኝ የበላሁት። ፔርሙስ ስትገዙ ውስጡ ብረት የሆነውን ግዙ፣ የጠርሙሱ አንዴ ከወደቀ አለቀ፣ የኛ አንዱ በባጃጅ ላይ ነው የተሰበረው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ቀጠሮ ስትይዙ ካሌንደር እዩ። እኛ ታኅሣሥ 16 ገብተን 20 ወጣን፣ መሀሉ ላይ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። ሐዋሳን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከየሀገሩ ነው ሰው ሚመጣው፣ ሆቴል አይገኝም፣ መንገዱ ይዘጋል። ከዲላ የመጡት ዘመዶቻችን በሙሉ የኔ ሳሎን ነው ያደሩት፣ የእህቴ ፔርሙስም በዛ ቀን በእግር ነው የመጣው። እማዬ ግን በመስኮት ዝማሬውን ስትሰማ ደስ ብሏት ፊቷ በራ፣ እሱን ሳይ ሌላውን ሁሉ ረሳሁት።

ነርሶቹ እና ሐኪሙ ከ5ቱ 5 ነው የምሰጣቸው፣ ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ነው ያስረዳን፣ እማዬን በስሟ ነው የሚጠራት። ንጽሕናው 4፣ ቀን በቀን ይወለወላል፣ የውሃው ነገር ነው እንጂ። ፋርማሲው 2። ለአስታማሚ የሚሰጡት ቦታ 1፣ እሱም ለወንበሩ። ጠቅላላ ከጠየቃችሁኝ ሌላ ኦፕሬሽን ቢኖርብን እዛው ነው ምንገባው፣ ፍራሻችንን ይዘን።

ስትወጡ ቶሎ ቤት እንግባ ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ሁለት ነገር አረጋግጡ። የወጣው እንቅርት ወደ ፓቶሎጂ (የወጣው ሥጋ ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ) መላኩን እና ውጤቱን መቼ ማን እንደሚቀበል በጽሑፍ ያዙ፣ እኛ ወረቀቱን በዛችው ፋይል ከትተን ነው የወጣነው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፣ ምንም ክፉ ነገር የለውም ተመስገን። ሁለተኛ የመድኃኒት አወሳሰዱን። እማዬ እንቅርቱ በሙሉ ስለወጣ ሌቮታይሮክሲን (የወጣውን ዕጢ ሆርሞን የሚተካ ክኒን) በየቀኑ ትወስዳለች፣ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ፣ ቁርስም ቡናም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያሉ፣ ካልሲየሙ ደግሞ ከሱ በ4 ሰዓት ይራቃል። ቡናው ነው የከበዳት፣ አሁን ክኒኑን ውጣ ቡናውን መቁላት ትጀምራለች፣ ተቆልቶ ተወቅጦ እስኪፈላ ሰዓቱ ይደርሳል።

ማተቧ አንገቷ ላይ ተመልሷል፣ ጠባሳውን ይሸፍነዋል። ሻንጣውን አላፈረስኩትም፣ ሸሚዞቹን አጥቤ፣ መርፌ ቁልፉን፣ ማንኪያውን፣ ማከፋፈያውን፣ ጀሪካኑን እንዳለ አስቀምጬ ነበር፣ አሁን ጎረቤታችን ለማኅፀን ኦፕሬሽን ማክሰኞ ስለምትገባ ወስዳዋለች። ሸሚዞቹን አውጥቼ ሁለት ሰፊ ቀሚስ አስገብቼላታለሁ፣ ፍራሹንም ለልጇ።